በሰው ንድፍ ተቀጥራ ስምንት ኦስካር የወሰደችው ሴት

ሰሞኑን ከአንዲት እህታችን የደረሰን ደብዳቤ ጠረጴዛችን ላይ ብዙ ቀን ከረመ። አንስተን እናነበዋለን፣ መልሰን እናስቀምጠዋለን። ለምን ቢሉ «አድርጊ» ወይም «አታድርጊ» ተብሎ በአንድ መስመር የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ልጅቷ 24 ዓመቷ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ የሙሽራ፣ የሚዜና የቲያትር ልብስ በሚዘጋጅበት አንድ ስፌት ቤት ትሠራለች። እስቲ አሳጠር አድርገን ከራሷ አንደበት እንስማት።

«ሥራ ፍለጋ ስሄድ እስካሁን የሠራሽውን ንድፍ ይዘሽ ነይ ተባልኩ። የነበረኝ ሦስት አራት ወረቀት ነው፤ እሱም የረባ አልነበረም። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ግን እጇ የተባረከ ነው። አንድ ደብተር ሙሉ ንድፍ ነበራት። ‹አይቼ እመልስልሻለሁ› ብዬ ተዋስኳትና ከራሴ ጋር ቀላቅዬ አቀረብኩ። እዚያው ቆሜ ተቀጠርኩ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሥራውን ለምጄዋለሁ፣ የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬም ይወዱኛል። ጓደኛዬ ግን እስከ ዛሬ ሥራ የላትም። ባለፈው ወር ከደብተሯ ያየሁትን አንድ ቀሚስ ሠራሁና ጉድ ተባለለት። ደንበኛዋ ‹የማን እጅ ነው?› ብላ ስትጠይቅ እትዬ ወደ እኔ ጠቆሙ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ለሷ ልንገራት? ለእትዬስ? ወይስ ያለፈው አልፏል ብዬ ልተወው?»

ደብዳቤው እዚህ ላይ ያበቃል። እኛም ምን እንበላት እያልን ስናወጣና ስናወርድ አንዲት የሆሊዉድ ሴት ትዝ አለችን። የሆሊዉድን ከዋክብት ከሃምሳ ዓመት በላይ ያለበሰች፣ በፊልም ልብስ ዲዛይነርነት ከማንም ሴት በላይ ኦስካር የሰበሰበች ናት። እሷም ብትሆን ሥራ የገባችው ልክ እንደ እህታችን ነው! በዚህ ዓምድ ሰውን በስሙ መጥራት ልማዳችን ስላልሆነ እሷንም ሆነ አብረዋት የሠሩትን ስማቸውን አናነሳም። ፊልም ወዳዶች ግን የፊልሞቹን ስም ስትሰሙ ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ታውቋታላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ማታ ተምራ ጠዋት የምታስተምር

ሴትዮዋ የተወለደችው በ1897 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን በርናርዲኖ በምትባል ከተማ ነው። የእንጀራ አባቷ የማዕድን መሐንዲስ ስለነበር ቤተሰቡ ከአንዱ የማዕድን ሠፈር ወደ ሌላው ሲዞር ነው ልጅነቷ ያለፈው። በዚያ ምድረ በዳ እንደ ልብ የሚጫወቱት ልጅ አይገኝም። ታዲያ እሷ ሆዬ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቃቀመች አሻንጉሊቶቿንና ድመቷን ስታለብስ ትውል ነበር።

ቢሆንም ልብስ ሰፊ እሆናለሁ ብላ አልተነሳችም። ትምህርቷን ገፋችበት። በ1919 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በፈረንሳይኛ ተመረቀች፤ በዓመቱ ደግሞ ከስታንፎርድ ማስተርሷን ይዛ ወጣች። ከዚያም የፈረንሳይኛ አስተማሪ ሆነች። የአስተማሪ ደመወዝ ደግሞ ያው የአስተማሪ ደመወዝ ነው። ጥቂት እንዲጨመርላት ብላ በምታስተምርበት የሆሊዉድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት «ሥዕልም ማስተማር እችላለሁ» አለች። መቼ ተምራ! ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ የማታ የሥዕል ትምህርት ቤት ተመዘገበች። ማታ የተማረችውን ጠዋት ታስተምር ነበር።

በ1923 ትዳር ያዘች። ባሏ መጠጥ የሚያበዛ ሰው ስለነበር ጎጆው አልሞቀም፤ በ1938 በፍቺ ተለያዩ። ዓለም የሚያውቃት ግን እስከ መጨረሻው በዚያው ሰው የቤተሰብ ስም ነው።

የሰው ወረቀት የሞላበት ቦርሳ

ነገሩ የመጣው በ1924 ነው። በኋላ ፓራማውንት ተብሎ የታወቀው የፊልም ኩባንያ ንድፍ ሣይ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አወጣ። ደመወዙ በሳምንት 50 ዶላር! ለአስተማሪዋ ይህ የሕልም እንጀራ ነው። ችግሩ መልክዓ ምድር ትሥል እንደሆነ እንጂ የሰው ቁመናና ልብስ ገና አልሆነላትም። ምን አደረገች? አብረዋት የሚማሩትን ዞራ ሥራቸውን ለመነች። አንዱ ቀሚስ፣ አንዱ የቤት ውስጥ ማስጌጫ፣ አንዱ የሰው ፊት... ሁሉንም ሰብስባ ቦርሳ ውስጥ ከተተችና ሄደች።

የልብስ ክፍሉ ኃላፊ ወረቀቱን እያገላበጠ ተደነቀ። በአንድ ቦርሳ ውስጥ ያን ያህል ዓይነት ችሎታ አይቶ አያውቅም። እንዴት ይየው? የአንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ ነዋ ያለው! ወዲያው ቀጠራት።

ሥራ ስትጀምር ግን ጉዱ መውጣቱ አልቀረም። «እስቲ ይህን ሣይ» ስትባል እጇ አልታዘዝ አላት። ያኔ ሳትውል ሳታድር እውነቱን ነገረችው። ሰውየው አልተቆጣም፣ አላባረራትም። ይልቅስ ሥራውን አስተማራት። እሷም ይህን ታሪክ ዕድሜ ልኳን አልደበቀችውም፤ ለሚጠይቃት ሁሉ እየሳቀች ታወራው ነበር። በ1959 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥም አለ።

ጀማሪ በነበረች ጊዜ ያደረገችውም የሚያስቅ ነው። ራሷ እንደምትተርከው ለአንድ ፊልም ዝሆኖችን አስጊጪ ተባለች። አበባና ፍራፍሬ ጎንጉና አንገታቸው ላይ ብታጠልቅላቸው ዝሆኖቹ እርስ በርስ ጌጣቸውን በሉት!

ቀስ በቀስ ግን እጇ ተፈታ። በ1936 «ዘ ጃንግል ፕሪንሰስ» ለተባለው ፊልም ተዋናይቷን በሽርጥ አሳየቻትና ሽርጡ ከፊልሙ አልፎ ለገበያ በቃ። በ1938 ደግሞ የፓራማውንት ልብስ ክፍል ኃላፊ ሆነች። በዚያን ጊዜ ያንን ወንበር የያዙት ወንዶች ነበሩ። ትልቅ ስቱዲዮ ውስጥ እዚያ ደረጃ ከደረሱት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት።

ለመሆኑ ሥራው ምንድነው?

ብዙ ሰው የፊልም ልብስ ሲባል ተዋንያኑን ማሳመር ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ልብስ ሰፊ የሚያለብሰው በሩን አንኳኩቶ የገባን ሰው ነው። የፊልም ዲዛይነር የሚያለብሰው ግን ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሰው ነው። ድርሰቱ ሲደርሳት ገጽ በገጽ ታነበዋለች። ይህቺ ሴት በምን ትተዳደራለች? ይህን ቀሚስ በምን ገንዘብ ገዛችው? ጠዋት ነው ወይስ ማታ? ከዚህ በፊት ባለው ትዕይንት ዝናብ መቷታል? ይህ ሁሉ ይጻፍና ለየትዕይንቱ ልብስ ይመደባል። ከዚያ ንድፉ፣ ከዚያ የጨርቅ ምርጫው፣ ከዚያ ልክ ማየቱ ይቀጥላል። በመጨረሻ ተዋናይቷ ልብሱን ለብሳ ካሜራ ፊት ትሞከራለች። ለዓይን ያማረ ጨርቅ ካሜራ ፊት ሲቀርብ አመድ መስሎ ሊታይ ይችላላ!

ሴትዮዋ ለዚህም መላ ነበራት። በዚያን ዘመን አብዛኛው ፊልም ጥቁርና ነጭ ስለነበር ሰማያዊ መስታወት ያለው መነጽር ታደርግ ነበር። በዚያ መነጽር ስታየው ልብሱ ፊልሙ ላይ ምን እንደሚመስል ትገምታለች። ከጊዜ በኋላ ጠቆር ያለው መነጽር መታወቂያዋ ሆነ። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተከርክሞ ከኋላ የተጠቀለለ ነው። ለራሷ የምትለብሰውም ቡኒ፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ነበር። ይህም በምክንያት ነው። ተዋናይቷ መስታወት ፊት ቆማ ልብስ ስትለካ ከኋላዋ ያለችው ዲዛይነር ዓይን መሳብ የለባትም።

የሰው ጉድለት መሸፈንም ዋናው ሙያዋ ነበር። በ1941 «ዘ ሌዲ ኢቭ» ላይ የሠራችው ተዋናይት ወገቧ ረዘም፣ መቀመጫዋ ዝቅ ያለ ነበር። ሌሎች ዲዛይነሮች ይህን ሲያዩ ቀለል ያለ ልብስ አልብሰው ያልፏታል። የኛዋ ሴት ግን ከፊት ሰፋ፣ ከኋላ ጠበብ ያለ ቀበቶ ሠራችላት። ጉድለቱ ከዓይን ተሰወረ። ያቺ ተዋናይት ከዚያ ወዲያ ባለ ሞገስ ለባሽ ተባለች።

በ1953 የወጣውን «ሮማን ሆሊዴይ» ያያችሁ ልብ በሉ። ልዕልቲቱ ከኤምባሲ ጠፍታ ስትወጣ እጅጌው ረጅም፣ አንገቱ የተቆለፈ ነጭ ሸሚዝና ሰፊ ጉርድ ለብሳለች። ሮም ከተማ ውስጥ ስትዞር እጅጌው ወደ ላይ ይጠቀለላል፣ አንገቱ ይከፈታል፣ ጫማው ተቀይሮ ሰንደል ይሆናል። ልጅቷ ከእስር እንደተፈታች አንድም ቃል ሳይነገር ሸሚዙ ይነግረናል። ለዚህ ሥራ ኦስካር ወስዳለች።

በ1958 የወጣው «ቨርቲጎ» ሲሠራ ደግሞ ተዋናይቷ ግራጫ ልብስና ጥቁር ጫማ አልለብስም ብላ አስቸገረች። ዳይሬክተሩ ግን ነጣ ያለ ፀጉር ያላት ሴት በግራጫ ልብስ ከሳን ፍራንሲስኮ ጉም ውስጥ የወጣች ትመስላለች ብሎ ቁርጥ አድርጎ ተናገረ። ግራጫው ጸና። በ1963 «ዘ በርድስ» ላይ ወፎች ተዋናይቷን ስለሚወርሯት አንዱን አረንጓዴ ጉርድና ኮት ስድስት ጊዜ ደጋግመው ሰፉት። አንዱ ሲበጣጠስ ሌላው ይተካል።

ልክ የተሳሳተው ቀሚስ

በ1950 «ኦል አባውት ኢቭ» በተባለው ፊልም ዋናዋ ተዋናይት ለግብዣው ትዕይንት የምትለብሰው ቀሚስ ልኩ ተሳስቶ ተሰፋ። ቀረጻው ደርሷል፣ ተዋናይቷ ለብሳዋለች፣ አንገቱ ግን ሰፍቶ ከትከሻዋ ላይ ይንሸራተታል። ዲዛይነሯ ደንግጣ ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ለዳይሬክተሩ ልትናገር መንገድ ጀመረች። ተዋናይቷ አስቆመቻት። ቀሚሱን ይባስ ወደ ታች ሳብ አድርጋ ሁለቱንም ትከሻዋን አወጣችና እንዲያውም ይሻላል አለቻት። ዛሬ ያ ፊልም ሲነሳ ያ ትከሻ ሳይነሳ አይቀርም። ኦስካርም አስገኝቷል።

እህታችን፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዥልን። ይቺ ሴት በቦርሳው ጊዜም ሆነ በቀሚሱ ጊዜ ጥፋቷን ለመናገር አፏ አልተያዘም። ሁለቱም ጊዜ አልተጎዳችም።

ዝም ያለችበት ቀን

አሁን ወደ መራራው እንምጣ። «ሮማን ሆሊዴይ» ላይ ያለበሰቻት ወጣት ተዋናይት ቀጥሎ «ሳብሪና» ለተባለው ፊልም ተመረጠች። ታሪኩ የአንድ ሹፌር ልጅ ፓሪስ ሄዳ እመቤት መስላ ስለ መመለሷ ነው። ዳይሬክተሩ የፓሪሱ ልብስ ከፓሪስ ይምጣ አለ። ተዋናይቷ በ1953 ፓሪስ ሄዳ ገና የ26 ዓመት ወጣት የነበረ አንድ ፈረንሳዊ ዲዛይነር ዘንድ ገባች። ሰውየው ተመሳሳይ የቤተሰብ ስም ያላት ሌላ ዝነኛ ተዋናይት ትመጣለች ብሎ ይጠብቅ ስለነበር ቀጭኗን ልጅ ሲያይ ግራ ገባው። በኋላ ግን ዕድሜ ልክ ወዳጆች ሆኑ።

የኛዋ ዲዛይነር ምን ተሰማት? የአንድ ፊልም ልብስ በሙሉ የኔ ነው ስትል ከፓሪስ በፊት ያለው ተራ ልብስና ቅንጥብጣቢው ቀረላት። በሙያው ሠላሳ ዓመት ለሠራች ሴት ይህ ከባድ ነው። አይፈረድባትም።

ከፊልሙ ልብሶች ሁሉ ሰው ዓይን ውስጥ የገባው አንድ ጥቁር ቀሚስ ነው። አንገቱ ከትከሻ ትከሻ አግድም የተቆረጠ፣ ትከሻው ላይ ትንንሽ ሪባን የታሰረበት። ንድፉ የፈረንሳዊው ነው፤ ቀሚሱ የተሰፋው ግን በእሷ ክፍል ነው። በዚያን ዘመን የስቱዲዮ ልማድ ከልብስ ክፍል የወጣ ሥራ ሁሉ በክፍሉ ኃላፊ ስም ይመዘገብ ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ላይ የተጻፈው የሷ ስም ብቻ ሆነ። በ1955 የኦስካር ሌሊት ስሟ ተጠራ። ወጣች፣ ሐውልቱን ተቀበለች፣ የወጣቱን ስም ሳታነሳ ተመለሰች።

በደንቡ መሠረት ከሄድን ምንም አላጠፋችም። ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ይወራባታል? ሰው ደንቡን ሳይሆን ዝምታውን ነው የሚያስታውሰው። ፈረንሳዊው ቀሚሱ የሱ እንደሆነ ከዓመታት በኋላ አረጋገጠ። ዛሬ ስለ እሷ የሚጻፍ ሁሉ ስምንቱን ኦስካር ከቆጠረ በኋላ «ግን የ‹ሳብሪና›ው...» ሳይል አያልፍም። የሚገርመው ደግሞ በ1957 «ፈኒ ፌስ» በተባለው ፊልም የሁለቱም ስም ጎን ለጎን ተጽፎ ለኦስካር አብረው ታጩ። አላሸነፉም። በዚያኛው ላይ ግን አንድም ሰው ሐሜት አያነሳባትም።

እስከ መጨረሻው በሥራ ላይ

ሴትዮዋ ሰነፍ ነበረች እንዳንል በሕይወቷ ከ400 በላይ ፊልም ላይ ሠርታለች። ለኦስካር 35 ጊዜ ታጭታለች። በራዲዮና በቴሌቪዥን ቀርባ ለተራ የቤት እመቤቶች በአለባበስ ትመክር ነበር፤ በእኛ አባባል እሷም የምክር ዓምድ ነበራት! በ1940 ያገባችው ሁለተኛ ባሏ የፊልም ሥነ ጥበብ ባለሙያ ነበር፤ በ1979 ሞት እስኪለያቸው አብረው ኖሩ።

በ1967 ፓራማውንት ውሏን ሳያድስላት ቀረ። ዕድሜዋ 69 ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ጡረታዬን ልብላ ይላል። እሷ ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ ዩኒቨርሳል ተሻገረች። በ1974 በ76 ዓመቷ «ዘ ስቲንግ» ለተባለው ፊልም ስምንተኛውን ኦስካር ወሰደች። በጥቅምት 1981 ያረፈችው 84 ዓመት ሊሞላት አራት ቀን ሲቀራት ነው። የመጨረሻ ፊልሟ ለሕዝብ የቀረበው ከሞተች በኋላ በ1982 ነው፤ መታሰቢያነቱም ለሷ ሆኗል።

ወደ እህታችን ስንመለስ

እንግዲህ እህታችን፣ ይህን ሁሉ ያወጋንሽ ለጨዋታ አይደለም። ይቺ ሴት ሁለት ጊዜ በሰው እጅ ተጠቅማለች። አንዱን ሳይውል ሳያድር ተናገረችና መሳቂያ ጨዋታ ሆኖላት ቀረ። ሁለተኛውን ዋጠችውና ከሞተች በኋላ እንኳ አብሯት ይኖራል። ያንቺ ደብተር በመጀመሪያው ረድፍ የሚገባበት ጊዜ ገና ሙሉ በሙሉ አላለፈም። ሁለት ዓመት ግን ብዙ ነው፤ አትጨምሪበት።

መጀመሪያ ሂጂ ወደ ጓደኛሽ እንጂ ወደ እትዬ አይደለም። የተወሰደባት እሷ ናት። ከሌላ ሰው አፍ ከሰማችው ሁለተኛ በደል ይሆንባታል። ሰበብ አታብዢ። «ደብተርሽን አሳይቼ ነው የተቀጠርኩት፤ ባለፈው ወር ደግሞ ቀሚስሽን ሠርቼ ተመሰገንኩበት» በያት። ልትቆጣ ትችላለች፤ ትቆጣ። ልታኮርፍሽም ትችላለች፤ ያንንም ቻይው። በቀሚሱ ጉርሻ አግኝተሽ ከሆነ ድርሻዋን ይዘሽላት ሂጂ።

ቀጥሎ እትዬን ለብቻቸው ስታገኛቸው ንገሪያቸው። ይህን ስናደርግ ሁሉም አለቃ እንደ ሆሊዉዱ ሰውዬ ይስቃል ብለን አናታልልሽም። ሊያዝኑብሽ ይችላሉ። ነገር ግን ሁለት ዓመት እጅሽን አይተዋል። ዛሬ የሚያውቁት ያንቺን ስፌት እንጂ የዚያን ቀን ወረቀት አይደለም። ባዶ እጅሽንም አትግቢ። «ያንን ቀሚስ የነደፈችው ጓደኛዬ ናት፤ ሥራ ትፈልጋለች፣ ደብተሯን ይዛ ትምጣ?» በያቸው። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው የማይፈልግ ስፌት ቤት የለም።

ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ በምትነድፊው ወረቀት ሁሉ ጥግ ላይ ስምሽንና ቀኑን ጻፊ። የሌላ ሰው ንድፍ ስትሠሪም የሱን ስም ጻፊ። ነገ አንቺም እትዬ ትሆኚያለሽ፤ ሥርሽ የሚሠሩ ልጆች ይኖሩሻል። «የማን እጅ ነው?» ተብለሽ ስትጠየቂ አንቺ የምትጠቁሚባት ልጅ ያቺ ራሷ ትሁን።

አባቶች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። አንዳንዴማ ያደምቃል፤ በ«ሳብሪና»ው ቀሚስ አይተናል። እንቅልፍ ግን አይሰጥም፤ ይህን ደግሞ አንቺ ራስሽ ጽፈሽልናል።

የሆነውን ሁሉ ጻፊልን፤ መልካምም ይሁን ክፉ እንሰማሻለን። እናንተም አንባቢያን በልጅቷ ቦታ ብትሆኑ፣ ወይም ደብተሯን ባዋሰችው ጓደኛ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ እንደነበር ላኩልን። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።